ስምንት ጣሳ፣ ያለ ደብዳቤ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለቀጮ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ፣ ሥራህስ? እኛን ከጠየቅህ፣ «ሁላችን ደህና ነን» የምትለዋን ዘንድሮ ግማሿን ብቻ ውሰድ። እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ደህና ነኝ፤ ጣጣውም እሱ ነው።

እሑድ እሑድ ስትደውል ወንድሜ ምላጭ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። አንተ ትስቃለህ፣ እሱ ያሾፋል፣ ዋናው ነገር ሳይነሳ ሂሳቡ ያልቃል። ለብቻዬ እንዳልደውልልህ ደግሞ ግድግዳችን ስስ ነው፤ ከልብስ መስፊያዬ ሆኜ ስተነፍስ ጓዳ ይሰማል። ስለዚህ በወረቀት ይሁን አልኩ።

የምላጭ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ማቆማቸውን፣ ማክሰኞና ዓርብ ማሽን ላይ ተኝቶ ደሙ እንደሚታጠብ ታውቃለህ። የማታውቀው ሐኪሙ ማሽኑ ብዙ አያዛልቀውም ማለቱን ነው። ልቡ እየደከመ ነው፤ አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ከዚያ ትንሽ አለፍ ያለ ጊዜ አለው አለኝ። ኩላሊት የሚሰጠው ሰው ያስፈልገዋል። እኔ እሰጣለሁ ብዬ ተመረመርኩ። ሁሉም ገጠመ፤ አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለ፤ ሰማንያ ሰባት ኪሎ ነኝ። «ሰባ አራት ሆነሽ ነይ፤ እንዲህ ሆነሽ ቢላ አላነሳብሽም» አለኝ ሐኪሙ። ሠላሳ ዓመት የሰው ወገብ ስለካ የራሴን ረስቼው ኖሬያለሁ።

ደሙ ኦ ነው፤ ከኦ ሌላ አይቀበልም። በቤተሰባችን ይኼ ደም ያለን ሦስት ነን። እሱና እኔ፤ ሦስተኛውን አንተ ታውቀዋለህ። በሞተር ሳይክል የወደቅህ ጊዜ የማን ደም እንደተሰጠህ እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እስክትሞት ስታወራ ነው የኖረችው።

ይኼንን ያነሳሁት ነገርን ነገር ቢያነሳው ነው እንጂ የጻፍኩልህ ለሌላ ነው። እዚያ ሰው አገር የምትሠራበት መጋዘን በምግብ ፋንታ የሚጠጣ ዱቄት አለ ብለኸኝ ነበር፤ ፕሮቲን የበዛበት፣ የሚያጠግብ፣ ሰው ምሳውን ትቶ እሱን እየጠጣ የሚከሳበት። ከሱ ላክልኝ። እዚህ የሚሸጠውን ማን እንደቀላቀለው አይታወቅም።

የምትወጣበት መሰላል አይክዳህ።

እታለም


ኅዳር 2

ይድረስ ለማከብርሽ ለእታለም፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ለክፉ የማይሰጥ ጤና አለኝ፣ ተመስገን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

አራት ጣሳ ልኬያለሁ፤ ሁለት ቫኒላ፣ አንድ ቸኮሌት፣ አንድ እንጆሪ። ጎናቸው ገባ ማለቱን አትይው፤ ከመደርደሪያ ሲወድቁ እንዲያ ይሆናሉ፤ ሱቅ ስለማይቀበላቸው ለእኛ ለሠራተኞች ይተዋሉ። ውስጣቸው ደህና ነው። ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ተርጉሜልሻለሁ፤

ውስጡ ባለችው ማንኪያ ሁለት ማንኪያ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ ትጠጫለሽ። በሙቅ ውሃ ይቋጠራል። በቀን ሁለት ማዕድ በሱ ትተኪያለሽ፤ ሦስተኛውን እንደ ወትሮው ትበያለሽ፤ ግን ቀለል ያለ ይሁን። ከሱ ሌላ ብዙ ውሃ ጠጪ። ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ከተከፈተ በአንድ ወር ይለቅ። የተመረተበትን ቀን ከታች በኩል ታገኚዋለሽ።

መጋዘኑ እንዳለ ነው። ጆሮዬ ላይ የምሰካው ማዳመጫ «መስመር አሥራ አራት፣ ሦስተኛ መደርደሪያ» ይለኛል፤ አወርዳለሁ፣ ቁጥሩን አነባለሁ፣ «ትክክል» ይለኛል። በቀን አራት መቶ ጊዜ ትክክል ተብዬ ነው ቤቴ የምገባው።

ምላጭን ሳሚልኝ። እሱ ጠንካራ ነው፤ ይወጣዋል። ሲያልቅብሽ ሳታፍሪ ንገሪኝ። እጅሽ አይዛል።

ቀጮ


ታኅሣሥ 11

ይድረስ ለቀጮ፣

እንዴት ነህ? ጣሳዎቹ በሰላም ገብተዋል። ቫኒላው ኖራ ቫኒላ ሸትቶ ቢመጣ ይኼኑ ይመስላል። ቸኮሌቱ ይሻላል። እንጆሪውን ገና አልደፈርኩትም።

የመጀመሪያው ሳምንት ራሴን አዞረኝ። የአንዷን ደንበኛ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ፤ ከሠላሳ ዓመት ስፌት በኋላ! ከዚያ ለመድኩት። የምመዘነው እህል ነጋዴው ዘንድ ነው፤ ጆንያ በሚመዝንበት ላይ እወጣለሁ፣ ሰውዬውም ዓይኑን ጨፍኖ «ሰማንያ አራት ተኩል፣ የተበጠረ» ይላል። ባለጌ ነው፤ ግን ሚዛኑ አይዋሽም።

ጎረቤቴ ክር ሻጯም ከሰማች ወዲህ ጣሳ ካላስመጣሽልኝ እያለች ነው። እሷ ደግሞ እንደ መርፌ የቀጠነች ናት! ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ።

ምላጭ ፀጉር ማስተካከያ ቤቱን አልዘጋም። ከእጥበት በማግስቱ ሦስት አራት ሰው ይላጫል፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ ራሱ ይተኛል። እግሩ ያብጣል። ሙዝ እንኳ ቆጥረን ነው የምንሰጠው፤ ለደሙ አይሆንም ተብሏል። ያንተን ነገር አንስቶ አያውቅም፣ እኔም አላነሳሁበትም።

ቫኒላውን ትተህ ቸኮሌቱን አብዛው። አንተስ፣ ጤናህን «ለክፉ አይሰጥም» ብለህ ዘለልከው እኮ። ስንት ኪሎ ነህ አሁን? ሐኪም ቤት ረግጠህ ታውቃለህ?

ሲርብህ የሚበላ፣ ሲደክምህ የሚቀመጡበት አይጥፋብህ።

እታለም


ጥር 28

ይድረስ ለማከብርሽ ለእታለም፣

በጣም በመዘግየቴ ይቅርታ። በፈረንጆቹ ዓመት መዝጊያ ቆጠራ ነበረብን፤ መጋዘኑን ሙሉ ጣሳ በጣሳ ቆጠርነው።

ስድስት ልኬያለሁ፤ አምስቱ ቸኮሌት ናቸው። ክዳን ያለው መበጥበጫም አለበት፤ ውስጡ ያለችው የሽቦ ኳስ ዱቄቱን እንዳይቋጠር ታደርጋለች። የእግር ሚዛንም ጨምሬያለሁ፤ የጆንያ ሚዛን ላይ መውጣት ይቅርብሽ።

ስለ ጤናዬ ለጠየቅሽኝ ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ለቆኛል። ኪሎዬን ከተመዘንኩ ቆይቻለሁ።

ለምላጭ ደግሞ ጥሩ የፀጉር መቁረጫ ማሽን አይቼለታለሁ፤ ቻርጅ የሚደረግ ነው። በሚቀጥለው እልካለሁ። ሌላ የሚያስፈልግ ነገር ካለ፣ ምንም ይሁን፣ ጻፊልኝ።

ቀጮ


የካቲት 20

ይድረስ ለቀጮ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። «ምንም ይሁን ጻፊልኝ» ያልካትን ሁለት ጊዜ አነበብኳት። እስቲ ትቆይ።

ሰባ ዘጠኝ ገባሁ። ቀሚሴን ሁለቴ አጠበብኩት። እህል ነጋዴው ጋ መሄዴን ግን አልተውኩም፤ ያንተ ሚዛን ዝም ብሎ ቁጥር ነው የሚያሳየው፤ አያጨበጭብም።

አንድ የምሥራች ልንገርህ፤ ምላጭም ጠጪ ሆኗል። እኛ ምሳ ለየብቻ በልተን እንደማናውቅ ታውቃለህ። ከፀጉር ቤቱ ይመጣል፣ ከማሽኔ እነሳለሁ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ እንቀመጣለን። ዱቄቱ ከመጣ ወዲህ እሱ ሳህን ይዞ፣ እኔ ብርጭቆ ይዤ ስንተያይ ቆየን። አንድ ቀን ማንኪያውን ጣለና «ኧረ የተጣላን እኮ መሰልን» አለ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ፤ ቀዳሁለት። እንጆሪውን ወደደው! መጀመሪያ ግማሽ ብርጭቆ ነበር፣ አሁን ሙሉ ይጠጣል። ምግብ አስጠልቶት ሁለት ጉርሻ ይቆጥር የነበረ ሰው ምሳ ሰዓት ሲደርስ ይጣራል። ሆዴ ደስ አለው ብልህ አታምነኝም።

ስለዚህ እንጆሪ ላክ። ለሱ ነው። ሌላውን አንተ ታውቃለህ።

እታለም


መጋቢት 9

ቀጮ፣

ምላጭ ሊሞት ነበር። አሁን ተርፏል፤ መጀመሪያ ይኼን ያዝ።

ዓርብ ጠዋት ወደ እጥበት ከመሄዳችን በፊት አንድ ሰውዬ ልላጭ ብሎ መጣበት። ግማሽ ፊቱን ላጨውና «እግሬን አጣሁት» ብሎ ቁጭ አለ። እጁም አልታዘዝ አለው። ተሸክሞ ታክሲ ውስጥ የከተተልኝ ያው ሰውዬ ነው፤ ግማሽ ጢሙ፣ ግማሽ አረፋው እንዳለ ከእኔ ጋር ኮሪደሩ ላይ ዋለ። እግዜር ይስጠው፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ደሙ ውስጥ ፖታሲየም የሚሉት ነገር ሞልቶ ነበር። ጤነኛ ኩላሊት አጥቦ ያወጣዋል፤ የሱ ያጠራቅመዋል፤ ሲበዛ ልብ ያቆማል። ሙዝ ቆጥራችሁ ስጡ ያሉን ለሱ ነበር። «ምን ሲበላ ከረመ?» አለኝ ሐኪሙ። ነገርኩት። ጣሳውን አምጪ አለኝ። ነርሷ አገላብጣ፣ ከታች፣ ከተመረተበት ቀን ጎን ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበችልኝ። «የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ይህን አይውሰድ» ይላል።

ጥፋቱ የኔም ነው፤ አልክድም። ሙዝ ቆጥሬ የምሰጥ ሴት ዱቄቱን ሳልጠይቅ ቀዳሁለት፤ ሃያ ቀን ሙሉ፣ በገዛ እጄ፣ እየሳቅኩ። ግን አንተ ቁጥር የማትስት ሰው ነህ። ማንኪያውን፣ ውሃውን፣ ደረቅ ቦታውን ሁሉ ተርጉመህልኛል። ይኼችን መስመር ለምን ዘለልካት?

እንግዲህ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እኔ ዱቄት እላለሁ፣ አንተ ዱቄት ትልካለህ፤ ሁለታችንም የምናወራው ስለ ሌላ ነው። በግልጽ ልጠይቅህ፤ ኩላሊትህን ትሰጠዋለህ? እሺ ወይም እምቢ በል። እምቢ ብትል አልቀየምህም፤ ሥጋው ያንተ ነው። ተስፋዬን ቆርጬ በራሴ እበረታለሁ። ዝም ካልክ ግን ሁለታችንንም አየር ላይ ታንጠለጥለናለህ።

እኔም ለምርመራዬ ሲባል ዱቄቱን እንድተው ታዝዣለሁ። ጣሳ አትላክ። መልስ ላክ።

እታለም


ሚያዝያ 17

ቀጮ፣

አምስት እሑድ ሙሉ አልደወልክም። ስደውልም አላነሳህም። ትናንት ፖስታ ቤት ጠሩኝና መልስህ መጣ ብዬ መቀስ እንኳ ከእጄ ሳላስቀምጥ ሮጥኩ።

ስምንት ጣሳ። ካርቶኑን እስከ ታች በረበርኩት፣ የጎን መደገፊያውን ወረቀት ሳይቀር ዘርግቼ አየሁ። ደብዳቤ የለም። ስምንት ጣሳ፣ ያለ ደብዳቤ።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ አንድ ቃል እንዴት ይጠፋል? አንዱንም አልከፈትኩትም። ቅድ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ሥር ደርድሬያቸዋለሁ።

ሰባ ስድስት ነኝ። የሰፋሁትን ልብስ ሁሉ በእግሬ ለየደንበኛው በር አደርሳለሁ፤ ምሳዬን ከምላጭ ጋር በአንድ ሳህን እካፈላለሁ፤ እሱ ሩቡን፣ እኔ ሩቡን፣ ግማሹ ይመለሳል። ሰባ አራት ከገባሁ ቀዶ ጥገናው ሰኔ 9 ይሆናል ተብሏል። ምላጭ ከዚያ ወዲህ ደክሟል። ፀጉር ቤቱን ዘግቷል። «ቀጮ ዛሬም አልደወለም?» ይለኛል፤ ሥራ በዝቶበት ነው እለዋለሁ። አንተን ሸፍኜ መዋሸቴ ነው ከሁሉ ያንገበገበኝ።

ጤና ይስጥህ።

እታለም


ግንቦት 14

እታለም፣

ሰላምታ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። እንደምን አለሽ የምልበት አፍ የለኝም።

መስመሯን አይቻታለሁ። ስተረጉም እዚያ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። «ኩላሊት» የሚለውን በገዛ ጽሑፌ ማየት አልፈለግኩም። እሱን ከጻፍኩ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ራሴ የጠራሁት መሰለኝ። የምትጠጣው እታለም ናት፣ እሷ ጤነኛ ናት፣ ምን ይሠራላታል አልኩና ዘለልኳት። በዚያች ምክንያት ምላጭን ልገለው ነበር።

ሌላም አለ። የመጀመሪያዎቹን አራት ጣሳዎች ፖስታ ቤት ባደረስኩ በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ሄጄ ተመረመርኩ። ስድሳ ስድስት ኪሎ። ደም ኦ። ሁለቱም ኩላሊቶች ደህና። ሐኪሟ «መስጠት ትችላለህ፤ በፈለግህ ጊዜ ና» አለችኝ። ወረቀቱን ካልሲ የማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ጥር ላይ «ጉንፋን ነው፣ ኪሎዬን አላውቅም» ብዬ ስጽፍልሽ ወረቀቱ እዚያው ነበር። አሁንም እዚያው ነው።

ምክንያት ስሰበስብ ከረምኩ። ሥራዬ ከባድ ማንሳት ነው፣ ብቻዬን ነኝ፣ ብታመም ውሃ የሚያቀብለኝ የለም። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ግን ምክንያቴ አይደለም። ፈራሁ። ተኝቼ ሆዴን ሲቀድዱኝ ይታየኛል፣ ፈራሁ። እሱ ደሙን ሲሰጠኝ ክንዱን ዘርግቶ ከነርሷ ጋር ሲቀልድ ነበር አሉ።

ጣሳ በላክሁ ቁጥር ለአሥር ቀን ያህል እፎይ እላለሁ። ከዚያ ይመለስብኛል። ለዚህ ነው ቁጥሩ የበዛው። ስምንቱን ሳሽግ ደብዳቤ ልጻፍ ብዬ ተቀምጬ ነበር፤ እሺም አልወጣኝ፣ እምቢም አልወጣኝ።

አሁን እሺ ብያለሁ። ከሐምሌ 10 ጀምሮ አንድ ወር ፈቃድ ሰጥተውኛል፤ ቲኬቱንም ቆርጫለሁ። ቀዶ ጥገናውን አንድ ወር አስገፊው፤ እኔ ልግባ። አንቺ በቃሽ።

ቀጮ


ሰኔ 18

ይድረስ ለቀጮ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ በግራ ጎኔ ሰባት ስፌት አለብኝ፤ ሥራውን አየሁት፣ አይከፋም፤ እኔ ብሆን ግን አጠጋግቼ እሰፋው ነበር። ሰባ ሦስት ተኩል ሆኜ ነው የገባሁት። ኩላሊቴ ምላጭ ሆድ ውስጥ ገና ሳይሰፋ ሽንት ሠራ። አሁን ለሚጠይቀው ሁሉ፣ ለሴትም ለሽማግሌም፣ ዛሬ ስንት ሊትር እንደሸና ያወራል። ከሳቅ በፊት ማፈር ይቀድመኛል።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ሰኔ 8 ነው፤ ተኝቼ፣ ለማግስቱ ተዘጋጅቼ። ክር ሻጯ ናት ያመጣችልኝ። ሐኪሙን አስጠርቼ አንድ ወር ቢገፋስ አልኩት። ያሰጋል እንጂ ይቻላል አለ። አሰብኩበት። ልቅጣህ ብዬ አይደለም ቀኑን ያላስገፋሁት። ሰባት ወር የፈራ ሰው አውሮፕላን ማረፊያም ላይ ይፈራል ብዬ ነው፤ ያን ጊዜ የሚሞተው አንተ አይደለህም። እውነቱን ንገሪኝ ካልክ ደግሞ ሌላም አለ። እዚያ ከደረስኩ በኋላ ለማንም ልለቅ አልፈለግኩም።

በአምስተኛው ቀን አልጋችንን ጎን ለጎን አደረጉልን። ያኔ ደብዳቤህን ከፊት እስከ ኋላ አነበብኩለት፤ መሳቢያውንም፣ ካልሲውንም፣ መስመሯንም። ከዚያ ቁስሉን በሁለት እጁ ይዞ ሳቀ፤ እንባው እስኪወርድ። «እኔም በሱ ቦታ ብሆን ጣሳ ነበር የምልከው» አለ። ይኼንኑ ጻፊለት አለኝ፤ ይኸው ጻፍኩ።

እሱ ይበል። ቃሉ የሱ ነው፣ ይቅርታውም የሱ ነው። እኔ ግን ባንተ ቦታ ብሆን ምን እንደምልክ አውቀዋለሁ፤ ልኬዋለሁና። ስለዚህ የኔ ይቅርታ ገና ነው፤ ሲመጣ አሳውቅሃለሁ።

ቲኬቱን እንዳትመልስ። ፈቃድህንም አታጥፋ። ሐምሌ 10 ቀን ና። እስከዚያ ቀጥ ብዬ መቆም እችላለሁ ተብያለሁ፤ መጀመሪያ ቆሜ እሰድብሃለሁ፣ አንጀቴ እስኪርስ። ከዚያ ሦስታችን ቁጭ ብለን በሳህን እራት እንበላለን።

እታለም